ለጥንቸሏ የታጠረች ሣር

ጎረቤታችንን አብዷል ይሉታል የፎቃችን ሰዎች። እኔ ግን ከመስኮቴ ሆኜ ሳየው ሰንብቻለሁ። ከሕንፃው ጀርባ ባለችው ቁራጭ ሣር ላይ ለአንዲት ነጭ ጥንቸል መዋያ ያጥራል። የቢሮ ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ከትቶ፣ ቆፍራ እንዳትወጣ የሽቦውን ጠርዝ አፈር ውስጥ ቀበረው፤ ድመትና ጭልፊት እንዳይደርሱባት ከላይም ሸፈነላት። ይጎዳታል የተባለውን አረም ሁሉ በጣቱ ነቀለ። የሆስፒታል አስታማሚ ካርዱ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ማውለቁን የረሳው ይመስለኛል።

ዛሬ አስገባት፤ እኔም ወርጄ አጠገቡ ቆምኩ። ጥጓን ይዛ ተኮራመተች እንጂ ሣሩን አልነካችም።

«ግድ የለም፣ ሲርባት ትበላለች» አልኩት።

«ስለ ልጄም እንደዚሁ ነበር ያሉኝ» አለ፣ ቀና ሳይል።

ከዚያ አጥሩ ሥር በሆዱ ተኛና ሣር ነጭቶ አፉ ውስጥ ከተተ። እያየችው ቀስ ብሎ አላመጠ።

«አየሽ፣ ይጣፍጣል። አንዴ ብቻ ቅመሺልኝ፣ እናትዬ። ማታ ልጄ፣ ጥንቸሌ በላች ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ምን እላታለሁ?»

ጥንቸሏ ንቅንቅ አላለችም። እሱ ሣሩን ዋጠውና ሌላ ነጨ።