ለሞተረኛው ዋስ የሆንኩበት ዓመት

ሞተር ብስክሌት የለመድኩት ለመወዳደር ብዬ አልነበረም። መቱ ውስጥ በአንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ የቡና ችግኝ ጣቢያዎችን እየዞርኩ እጎበኝ ነበር። መሥሪያ ቤቱ አንዲት ቀይ ሞተር ሰጠኝ። ጠዋት ሁሩሙ፣ ከሰዓት ጎሬ፣ አንዳንዴም መኪና ወደማይደፍረው ወደ ዳሪሙ እሄድባታለሁ። የእኛ አገር ዝናብ ጋብ የሚለው ለአጭር ጊዜ ነው፤ የቀረውን ወራት መንገዱ ጭቃ ነው። በጭቃ ቁልቁለት ላይ ፍሬን መያዝ መውደቅ እንደሆነ፣ በማርሽ እያቀዘቀዙ መውረድ እንደሚሻል መንገዱ ራሱ እየጣለ አስተማረኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደርኩት የአብዮት በዓል ሲከበር ነው። ከሰልፉ በኋላ የከተማው ሞተረኞች ከመቱ ተነስተው ሁሩሙ ደርሰው እንዲመለሱ ተባለ። ለእኔ የዘወትር መንገዴ ስለነበር እንደ ሥራ ጉዞ ነድቼው አንደኛ ወጣሁ። ከኋላዬ ጥቂት ርቀት ላይ አንድ ቀጠን ያለ መካኒክ ተከትሎኝ ገባ። የከተማው ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ፣ እምብዛም የማይናገር፣ የሁሩሙ ገበሬ ልጅ ነበር። እጄን ጨብጦ፣ «የኋላ ጎማህ ነፋስ ጎድሎታል፤ እንደዚያ ሆኖ ነው የቀደምከኝ» አለኝና ሄደ።

ከዚያ በኋላ የክፍለ ሀገሩ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ወሰደኝ። ደመወዜ ከመሥሪያ ቤቴ ሳይቋረጥ ሥራዬ መወዳደር ሆነ። ጅማ ሄድኩ፣ ነቀምት ሄድኩ፣ አዲስ አበባም ደርሼ በአስፋልት ላይ ተወዳደርኩ። አዲስ አበባ ላይ መጨረሻ አካባቢ ነው የገባሁት። አስፋልቱ ልስልስ ብሎ ሞተሯ ከሥሬ ያለች አልመስለኝ አለ። ጭቃና ኮሮኮንች ባለበት ግን የሚቀድመኝ አልነበረም ማለት ይቻላል። ዋንጫ ይዤ ስመለስ እናቴ ዋንጫውን ታጥብና እንግዳ እንዲያየው መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ የቀበሌው ሰው ሁሉ በስሜ ሳይሆን «ሞተረኛው» እያለ ይጠራኝ ጀመር።

የውድድር ዘመኔ ያበቃው ወደ ሶር ፏፏቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ልምምድ ሳደርግ ነው። ኩርባውን እንደጨረስኩ ከቡናው ውስጥ አንዲት ላም ብቅ አለች። እሷን ላለመግጨት ስጠመዝዝ ሞተሯ ተገልብጣ እግሬ ላይ ወደቀች። ሆስፒታል ውስጥ ጀሶ ታስሮልኝ ብዙ ሳምንት ተኛሁ። ሐኪሙ፣ «መሄድ ትሄዳለህ፤ ጉልበትህ ግን እንደ ድሮው አይታጠፍም» አለኝ። የሞተሯን ማስነሻ ለመርገጥ እንኳ የማይሆን እግር ይዤ ወጣሁ።

ገና በክራንች እየሄድኩ ሳለ የስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ቤት ድረስ መጣ። ትልቅ ሰው ነው፤ ድሮ የስፖርት አስተማሪ ነበር።

«ቡድኑን አንተ ምራልኝ» አለ።

«የቱን ቡድን ጋሼ? ቡድኑ እኮ እኔ ነበርኩ።»

ሳቀ። «እንግዲያው ሌላ ሰው ፈልግ። ከበጋው ጋር ነቀምት ላይ ውድድር አለ። ኢሉባቦር ሰው ሳይልክ እንዲቀር አልፈልግም።»

ማንን እንደምፈልግ ለማሰብ ጊዜ አልወሰደብኝም። ያ መካኒክ በልቤ ነበር። ችግሩ ግን እኔ ከከተማ ከተማ ስወዳደር በነበረበት ጊዜ እሱ ታስሮ ነበር። ጴንጤ ነው። የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ በኋላ ሰው ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ ተይዘው ብዙ ወራት እስር ቤት ከረሙ። ከተፈታ ወዲህ በየጠዋቱ ቀበሌ ቀርቦ ይፈርማል፤ ከከተማ መውጣትም ተከልክሏል።

ጋራዥ ሄጄ የመኪና ሞተር ሲፈታ አገኘሁት። ነገሩን ስነግረው እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጠኝ።

«እኔ ሁሩሙ ያሉትን እናቴን ለመጠየቅ አልተፈቀደልኝም» አለኝ። «ነቀምት ማን ይልከኛል?»

«እሱን ለእኔ ተወው። መንዳት ትፈልጋለህ ወይ?»

«እንዴት አልፈልግም» አለና አንገቱን ደፋ። «እዚያ ውስጥ ሆኜ መንገዱን በሐሳቤ ነበር የምነዳው። ኩርባ ኩርባውን።»

የቀበሌው ሊቀ መንበር ቢሮ ስገባ ወንበር ሰጠኝ፤ ለእግሬ አዝኖልኛል። የመጣሁበትን ስነግረው ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ልምምዱ የት ነው?»

«በጎሬ መንገድ፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ከጎሬ ቀጥሎ ምንድነው?»

«ጋምቤላ።»

«ከጋምቤላስ?»

«ሱዳን ነው።»

«ታዲያ ሞተርና ቤንዚን ሰጥተን ሱዳን እንሸኘው ነው የምትለኝ?» አለ። አልተቆጣም፤ በእርግጥ ያስጨነቀው ነገር ነበር። እሱንም የሚጠይቁ ሰዎች ከበላዩ አሉ።

«እኔ ዋስ እሆናለሁ» አልኩት።

«ከጠፋ እሱ በወጣበት የምትገባው አንተ ነህ። ይገባሃል?»

እንደገባኝ ነግሬው ፈረምኩ።

ማታ ለእናቴ ስነግራት የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። «እግርህ ሳይድን ራስህን ልታስር? ሰውዬው እኮ ከመንግሥት ምንም ደግ ነገር አላየም። ቢሄድስ ማን ይፈርድበታል?»

«አይሄድም እማዬ።»

«በምን አወቅህ?»

«ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ሞተሯን ማን አስተካክሎ እዚህ ግቢ እንዳቆማት ረሳሽው? ማንም ሳይጠይቀው ነው። የሚጠፋ ቢሆን ያኔ አይጠፋም ነበር?»

ሳህኑን መልሳ አነሳች። «ለመሆኑ ሚስቱ ምን ትላለች?» ብላ ጠየቀችኝ። በማግስቱ ራሷ ሄዳ ሚስቱን ተዋወቀቻት፤ ጓደኛሞች ሆኑ።

ልምምዱ ተጀመረ። እሱ ይነዳል፤ እኔ ከከተማው ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ላይ በጣም ከበደኝ። ሞተሯ ስትነሳ የኔ እጅ ጋዝ ይጨብጣል፣ የኔ እግር ማርሽ ይፈልጋል። እሱም ቡድን መሪ ስለሆንኩ አንቱ ይለኝ ጀመር። «ተው እንጂ፣ በአንድ ጭቃ የወደቅን ሰዎች ነን» ስለው ለአንድ ቀን ተወና በማግስቱ መልሶ አንቱ አለኝ።

አንድ ቀን ጎሬ ደርሶ ለምሳ እንዲመለስ ተስማምተን ሄደ። ምሳ ሰዓት አለፈ። ዝናብ መጣ፤ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። የሱቁ ባለቤት የጉራጌ ነጋዴ ነው፤ እሱም በሞተር ጨርቅ ጭኖ ሁሩሙ ገበያ የሚመላለስ ሰው በመሆኑ ልምምዳችንን በየቀኑ ይከታተላል። ሻይ አምጥቶ ሰጠኝና እሱም መንገዱን ያይ ጀመር።  ከጎሬ የመጣ የጭነት መኪና አስቁሜ ሾፌሩን ጠየቅሁት።

«ቀይ ሞተር? አላየሁም» አለኝ።

ዝናቡ አባራ፣ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ጀመረች። ሊቀ መንበሩ ከሁለት ሰዎች ጋር በመንገዱ አለፈ። አየኝ፤ መንገዱን አየ፤ ሰላምታ ሰጥቶኝ ሄደ። እኔ ስለ እስር ቤት አላሰብኩም ብል ውሸት ይሆናል። ይበልጥ ያሰብኩት ግን ወድቆ ይሆን ወይ እያልኩ ነው። የኔ እግር የተሰበረበትን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት።

ሊመሽ ሲል ከዳገቱ ሥር አንድ ሰው ሞተር እየገፋ ብቅ አለ። ከእግሩ እስከ አናቱ ጭቃ ነበር። በክራንቼ እየተወላከፍኩ ሄድኩበት።

«የኋላ ጎማዋ ካቴና ተበጠሰ» አለ እያለከለከ። «ለመጠገን ከአንድ ገበሬ ግቢ ገብቼ ብታገል ካቴናው አልጠገን አለኝ። ከዚያ ሞተሯን ገፋኋት። ገበሬው ‹ሱታ ዴሚ› ሲለኝ ነበር፤ ቀስ ብለህ ሂድ ማለቱ ነው፣ እኔ ግን እርስዎ እንደሚጨነቁ አውቄ መሮጥ ሞከርኩ።»

 የሞተሯን ኋላ ይዤ አብሬው መግፋት ፈለግሁ፤ አንድ እጄ ክራንች ይዟል። ባለ ሱቁ ከበረንዳው ወርዶ መጣና ለሦስት ሆነን አስገባናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠበቅ ራሱ ሥራ መሆኑ ገባኝ፤ በልምምድ ቀን መለዋወጫ ካቴና ማስያዝም እንዲሁ።

በጋው ገብቶ ነቀምት በጭነት መኪና ሄድን። ሞተሯን በገመድ አስረን፣ እኔ ጎኗ ተቀምጬ ደግፌያት። ከውድድሩ በፊት አንድ ነገር ብቻ ነገርኩት።

«የመጀመሪያውን ዳገት ተዋቸው፤ ይቅደሙህ። ሞተራቸው ይሞቃል። አንተ ቁልቁለቱን ጠብቅ።»

ሲጀመር እንዳልኩት ወደ ኋላ ቀረ። የነቀምት ሰው እየሳቀ፣ «የኢሉባቦሩ ተኝቷል» ሲል ሰማሁ። እኔ ከመጨረሻው ኩርባ አጠገብ ቆምኩ። ሲመለሱ ፊት የነበረው የአገሩ ልጅ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ቀይ ሞተር አየሁ። ቁልቁለቱን ፍሬን ሳይነካ በማርሽ ወረደው። ሕዝቡ ለአገሩ ልጅ ሲጮህ ቆይቶ ለእኛውም «ጃባዱ፣ ጃባዱ» ማለት ጀመረ፤ በርታ ነው በኦሮምኛ። እኔም ከእነሱ ጋር ጮኽኩ። ሁለተኛ ገባ። እኔ አንደኛ በወጣሁባቸው ቀናት እንዲያ ተደስቼ አላውቅም።

መቱ ስንመለስ ሊቀ መንበሩ ራሱ መናኸሪያ መጥቶ ጠበቀን። ሜዳሊያውን ይዞ አገላብጦ ካየው በኋላ፣ «ከነገ ጀምሮ መፈረሙ ይቅርብህ» አለው።  የጸሎት ቤታቸው ግን ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ እንደታሸገ ነበር። በሳምንቱ እሁድ መካኒኩ ሚስቱን ከኋላው አፈናጦ ሁሩሙ እናቱ ዘንድ ሄደ። ሲመለስ ለእናቴ አንድ ቅል ማር አመጣ።

በሚቀጥለው ዓመት ባለ ሱቁ፣ «እኔም ቡድኑ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ» ብሎ መጣ። ዕድሜውን ብጠይቀው አልነግርህም አለኝ። ከእርሱ በኋላ ከጎሬ አንድ አስተማሪ፣ ከበደሌም አንድ የእንስሳት ክትባት ሠራተኛ ጨመርን። መካኒኩ ሞተሩን በእሳት የሚያስነሳውን ካንዴላ ማጽዳትና ካቴና መወጠር ያስተምራቸዋል፤ እኔ ደግሞ የትኛው ዳገት ላይ ማን እንደሚደክም አያለሁ። የመጀመሪያው ልምምድ ቀን አራቱም ተሰልፈው ሲነሱ ጭሱ እስኪጠፋ ቆሜ አየኋቸው። ከዚያ ጎማ ይሰጡን እንደሆነ ለመጠየቅ ወደ ስፖርት ጽሕፈት ቤቱ መጋዘን ሄድኩ፤ የመጋዘኑ ኃላፊ ወጥቷል ስላሉኝ በሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት።