ሁለት ክንድ የማትሞላ ንብርብር

ከኦጋዴን ለእረፍት ባሕር ዳር በመጣሁ ቁጥር አባቴ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ሰፈሩን ያዞሩኝ ነበር። አንድ ጊዜ ግን ነገሩ ባሰ። በሚሠሩበት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላገኙት ሁሉ ልጃቸው ጋዝ ማግኘቱን፣ ከእንግዲህ በየቤቱ ከሰል የሚባል ነገር እንደማይገባ አውርተው ጨርሰዋል። እኔ ይህን የሰማሁት እሑድ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው፤ ሊቀመንበሩ «ጓድ ጂኦሎጂስት ያብራሩልን» ሲል።

ተነሣሁ። ሥራዬ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሲያልቅ በገመድ የሚወርደው መሣሪያ በወረቀት ላይ የሚስለውን መስመር ማንበብ ነበር። መስመሩ ወደ ቀኝ ሲያብጥ ጋዝ ወይም ዘይት እንጠረጥራለን፤ ወደ ግራ ሲሸሽ ውሃ።

«ጋዙ ጣናን ያህላል?» አለ ሊቀመንበሩ።

አባቴ ከፊት ወንበር ሆነው «ይበልጣል እንጂ!» አሉ።

ከመሬት በታች ሐይቅ እንደሌለ፣ ጋዝ የሚገኘው በአሸዋ ድንጋይ ቀዳዳዎች ውስጥ እንደሆነ ተናገርኩ። እኛ ያገኘናት ሁለት ክንድ የማትሞላ ንብርብር ናት፤ ከላይም ከታችም ጭቃ ድንጋይ ተጭኗታል። መሣሪያው ከእሷ ስለሚረዝም ለብቻዋ አያነባትም፤ የጎረቤቶቿን ጭቃ ደባልቆ ነው የሚነግረን። ጭቃው መስመሩን ወደ ግራ ስለሚስበው ጋዝ ብትይዝ እንኳ ውሃ መስላ ልትታይ ትችላለች።

«ታዲያ ጋዝ ናት ውሃ?»

«ገና አናውቅም።»

«መንግሥት ደመወዝ የሚከፍልህ ላለማወቅ ነው?» አለ ሊቀመንበሩ፣ አንቱታውን ትቶ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ደግሞም ያፈርኩት በራሴ አልነበረም፣ በአባቴ ነበር። ያልጠየቅኳቸውን ማን አውሩ አላቸው?

አባቴ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። «ልጄ እንዲህ አላለኝም። እኔ ነኝ ያበዛሁት» አሉና ተቀመጡ። ሳቁ ቀጥ አለ።

በሐይቁ ዳር ወደ ቤት ስንመለስ ንዴቴ አልበረደም።

«ምን አለበት ዝም ቢሉ? አሳፈሩኝ እኮ» አልኳቸው።

ትንሽ ከተራመዱ በኋላ ቆሙ። ወደ እኔ ግን አልዞሩም።

«አንተማ ማክሰኞ ትሄዳለህ» አሉ። «ነገ ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ ካወራሁላቸው ሰዎች ጋር የምሰለፈው እኔ ነኝ።»