የሸጋ ልጅ ኮከብ

ክንዴን በዳንግላ ዙሪያ የማያውቀው አልነበረም፤ ቤቱ ገብቶ የሚያጫውተው ግን ከእኔ ከጎረቤቱ በቀር ሰው አልነበረውም። ነገሩ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ከጫግኒ በርበሬ በበቅሎ እየጫነ ያወጣል፤ የቆላው ፀሐይ ከብት ስለሚያደክም ቀን ተኝቶ ሌሊት ይጓዛል። ሰው ሲነሣ እሱ ይተኛል፤ ሰው ሲተኛ እሱ ወደ ሰማይ እያንጋጠጠ ብቻውን መንገድ ላይ ነው። በዚህ የተነሣ "ኮከብ ቆጣሪው" አሉት። እድሌን ንገረኝ ለሚለው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ "እኔ የማየው መንገድ ነው። እድል ከፈለግህ ደብተራ ዘንድ ሂድ።"

የእሱን እድል ያበላሸውም ደብተራ ነው። በቀለች የምትባል የዳንግላ ልጅ ወደደ፤ እሷም አልጠላችውም። ሽማግሌ ሲልክ አባቷ መጀመሪያ ኮከብ ይቆጠር አሉ። ሽማግሌዎቹም አገር በሚያውቀው ስም "ክንዴ፣ የሸጋ ልጅ" ብለው አስቆጠሩ። ደብተራው ስሙን ከእናቱ ስም ጋር ደምሮ፣ "የእሱ እሳት፣ የእሷ ውኃ፤ አይገጥምም" አለ። በቃ፣ በዚያው ቀረ። ጣት እየቆጠሩ የሰው ጎጆ ማፍረስ እኔን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በሚያዝያ በቀለች ለዘንገና ሰው ተዳረች። ሙሽራውና ሚዜዎቹ ሲበሉ ሲጠጡ መሸባቸው፤ ጨረቃም የለች። አቋራጩን በጨለማ የሚመራ ሲፈለግ የተጠራው ክንዴ ነው። እምቢ ማለት ይችል ነበር፤ አላለም። ሌላ ሰው ገደል ይከታታል ብሎ ሰግቶ ነው፣ እንደነገረኝ።

የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ፊት ፊት ሄደ። በስተደቡብ አራት ኮከቦች መስቀል ሠርተው ይታያሉ፤ እነሱን ፊት ለፊት ያደረገ ሰው ዘንገናን አይስትም። ሙሽራውና ሚዜዎቹ ከኋላ ፈረስ ላይ ያንቀላፋሉ። ይኼኔ በቀለች ከካባዋ ውስጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"እናትህ ሸጋ ተቀየሙኝ?" አለችው።

"ሸጋማ አሳዳጊዬ ናት። እናቴ ዘውድነሽ እኔን ስትወልድ ነው የሞተች።"

በቀለች ከበቅሎዋ ላይ ወደ እሱ ጎንበስ አለች።

"የተቆጠረው እኮ በሸጋ ስም ነው።"

ክንዴ ቆመ። በቅሎዋም ቆመች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ሽማግሌዎቹ አንዴ ተናግረዋል፣ እሷም አንዴ ተድራለች። ልጓሙን ወደ ሌላ ቢያዞረው እስኪነጋ የሚያውቅ አልነበረም። ቀና ብሎ መስቀሉን አየና መንገዱን ቀጠለ።

አድርሷት ሲመለስ መስቀሉ ጠልቆ ነበር። የአጥቢያ ኮከብን በቀኙ አድርጎ ብቻውን ቤቱ ገባ።

ሳያገባ አረጀ። አንድ ቀን፣ "በዘውድነሽ ስም ለምን አላስቆጠርህም?" አልሁት።

"ደብተራው ደጅ ድረስ ሄጄ ተመለስሁ" አለኝ።

"ምነው?"

"ይገጥማል ቢለኝስ?"