ወይራው ሲያብብ የምትሄደው ሚስት

ወሲላ ከቀርቀና ደሴት ተድራ ወደ ወይራው አገር የገባች ዓመት ምንም አልነካትም። በሚቀጥለውም ዓመት ደህና ነበረች። በሦስተኛው ጸደይ፣ ልጇን ዩስራን ጡት ባስጣለች ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ልብስ ልታሰጣ ወጥታ አነጠሰች። ደገመች፣ ሠለሰች፣ ከዚያ ማቆም አቃታት። ዓይኗ በርበሬ እንደገባበት አቃጠላት። ከሰዓት በኋላ ፊቷ አብጦ ድምጿ ተዘግቶ ሲያዩዋት፣ ደጃፍ ላይ ባቄላ የሚፈለፍሉት አማቷ ሸድሊያ እጃቸውን ከሥራው አቆሙ።

"ምነው፣ ያለቀሰ ሰው መስለሻል?"

"ጉንፋን ነው መሰለኝ፣ ኡሚ" አለች፤ እናቴ ማለቷ ነው።

"በዚህ ፀሐይ?"

ጉንፋኑ ስንዴው እስኪታጨድ አልለቀቃትም። ሸድሊያ መጀመሪያ አዘኑላት። በየማለዳው የወይራ ዘይት በስኒ አጠጧት፤ ከዘይቱም አፍንጫዋ ውስጥ ጠብ አደረጉላት። ጥቁር አዝሙድ አጨሱላት፤ ጢሱ ሳሏን አባሰው። "ዘይታችን ያላዳነው በሽታ የለም" እያሉ እጃቸውን ደረቷ ላይ አድርገው ቁርኣን ይቀሩላት ነበር። በሽታው ግን በዓመቱ ተመልሶ መጣ፤ በሌላውም ዓመት እንዲሁ። ያኔ የአማቷ ርኅራኄ አለቀ።

"የአንቺ በሽታ የሥራ ቀን ያውቃል" አሏት፣ ሰው ሁሉ ከወይራው ሥር አረም ሊነቅል ሲወጣ እሷ ፊቷን በሻሽ ሸፍና ስትቀር። "አባትሽ ቤት መሄድ ካማረሽ በአፍሽ ተናገሪ። በአፍንጫሽ አትናገሪ።"

ይህ አስቆጫት። በክረምቱ ለቀማ ጊዜ መሰላል ላይ ወጥታ ከወንድ እኩል የምትለቅም ሴት ናት። ብርዱም ዝናቡም ነክቷት አያውቅም። ደርሶ ደካማ የሚያደርጋት ሚያዝያ ሲጋመስ ነው፤ ወይራው ያችን ፍርፋሪ የምታህል ነጭ አበባውን ሲያወጣና ነፋሱ ቢጫ ዱቄት አንስቶ የመኪናውን መስታወት፣ የጉድጓዱን ክዳን፣ የተሰጣውን ልብስ ሲያለብስ ነው። ይህን አንዴ ለባሏ ለላዝሃር ነገረችው።

"ወይራ?" አላት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ሳቀ። "አላህ በቁርኣን የማለበት ዛፍ ሰው ያሳምማል? አያቴ ከዚህ ዛፍ ሥር ነው የተወለደው፣ ሰውዬው እስኪሞት አላነጠሰም።"

ከዚያ ወዲህ ስለ ወይራው አላነሳችም።

ላዝሃር ከደቡብ ያመጣው ውሻ ነበረው። መርጃን ይሉታል፤ ቀጭን፣ እግረ ረጅም፣ የጥንቸል አዳኝ ዘር ነው። በቡችላነቱ ፀጉሩ እንደ ሐር ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን እሱም ጸደይ ሲገባ መዳፉን መላስ ጀመረ። ቀን ከሌት ይልሳል። ጆሮውን እስኪደማ ያካል፣ ሆዱ ቀልቶ ይላጣል፣ በግድግዳው እየተሻሸ ኖራውን ያረግፋል። ወሲላ በጥላው በኩል ቁጭ ብላ ዓይኗን ስታሽ እሱ እግሯ ሥር ተጋድሞ ጆሮውን ያካል። ሁለቱም የአበባው ጊዜ አልፎ ፍሬው ጫፍ ጫፉን ብቅ ሲል ይሽላቸዋል። ይህን ያየች እሷ ብቻ ናት፤ ለማን ትናገረው?

ሰፈሩ ግን ለውሻው ስም አወጣለት፤ እከክ አሉት። የላዝሃር ታላቅ ወንድም ቲጃኒ ልጆቹ ከዩስራ ጋር ስለሚጫወቱ ነገሩን አጠበቀው። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ላዝሃር ገበያ በሄደበት፣ ጠመንጃውን አንግቶ ግቢው ገባ።

"ውሻው የት አለ?"

ወሲላ ከጥላው ተነሣች። ውሻው ከኋላዋ ነበር።

"ምን ልታደርገው?"

"ላሳርፈው ነዋ። አንቺንም ያሳከከሽ እሱ ነው። እንዲህ ፊትሽን ያሳበጠው የእሱ በሽታ ነው። ልጆቹን ሳይጨርስ…"

"በሽታችን አንድ ነው ካልክ" አለች ድምጿ እየተቆራረጠ፣ "እሱን ከገደልክ በኋላ ተረኛዋ እኔ ነኝ ማለት ነው።"

ቲጃኒ ሊስቅ አሰበና ፊቷን ሲያይ ተወው። "የደሴት ሰው፣ ዓሣ እንጂ ውሻ መቼ ታውቁና" ብሎ አጉረመረመ። ጠመንጃውን ግን ከትከሻው አላወረደም፤ ላዝሃር እስኪመጣ እዚያው ቆሞ ጠበቀ። ወንድማማቾቹ ከበሩ ውጪ ብዙ ተነጋገሩ። ላዝሃር ሲገባ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። "ነገ ከተማ ለከብት ሐኪሟ አሳየዋለሁ። እከክ ነው ካለች ቲጃኒ የፈለገውን ያድርግ" አላት።

"እኔም እሄዳለሁ" አለች ወሲላ።

ሐኪሟ ፈርጠም ያለች ወጣት ሴት ናት። ከውሻው ሆድ በስለት ፋቅ አድርጋ ወስዳ በማጉያ መሣሪያ አየችና "እከክ የለበትም" አለች። "ይህ የሚጀምረው መቼ ነው?"

ላዝሃር አሰበ። ወሲላ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ማስነጠሱ መጣባት፣ ከማስነጠሱም ሳሉ፤ ጠረጴዛውን ይዛ ጎንበስ አለች። ደረቷ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ሲል ላዝሃር ሰማ። ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰምቶት ነበር፤ ሰው ፊት ሲሆን ግን ሌላ ሆነበት።

"አንቺስ መቼ ነው የሚጀምርሽ?" አለቻት ሐኪሟ።

"ከሱ ጋር ነው የሚጀምረኝ" አለች ወሲላ። "ወይራው ሲያብብ።"

ሐኪሟ ላዝሃርን አየችው። "እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም። ውሻው አለርጂ አለበት፤ ምናልባት ከአበባው ብናኝ ነው። ከውጪ ሲገባ መዳፉንና ሆዱን በውኃ እጠቡለት፣ አድርቁት፣ ይህን መድኃኒት ስጡት። ባለቤትህን ግን ዛሬውኑ ወደ ሰው ሐኪም ውሰዳት።"

የሰው ሐኪሙ የማይስማማትን ለመለየት ክንዷ ላይ ከየነገሩ የተዘጋጀ ብዙ ዓይነት ፈሳሽ ጠብ ጠብ አድርጎ በመርፌ ወጋ ወጋ አደረጋት። የአቧራው ደህና ነበር፤ የድመቱና የውሻውም ደህና። የወይራው ግን ትንኝ የነከሰው ያህል ተነሣ፣ ሰፋ፣ ቀላ። ላዝሃር ያንን እብጠት ጎንበስ ብሎ አየው። ሐኪሙ የሚዋጥ ክኒን፣ የአፍንጫ መድኃኒትና በአፍ የሚሳብ የአስም ፓፍ አዘዘላት። "ብትችሉ" አለ በመጨረሻ፣ "አበባው እስኪረግፍ ከዚያ አካባቢ ራቅ ብትል ይሻላል።"

በመኪናው ወደ ቤት ተመለሱ። ከተማውን ሲወጡ ወይራው በግራም በቀኝም ተሰልፎ ተቀበላቸው፤ ዓይን እስከሚደርስበት ሌላ ነገር የለም።

"ለሰው ምን እላለሁ?" አለ ላዝሃር። "ሚስቴን ዛፌ አባረራት ልበል?"

"ምንም አትበል። እሞክራለሁ" አለችው።

ሞከረች። ጠዋት ጠዋት መስኮት ዘጋች፣ ልብስ ቤት ውስጥ አሰጣች፣ ከመተኛቷ በፊት ፀጉሯን ታጠበች። መርጃንንም ከውጪ ሲመለስ በር ላይ ይዛ አራት እግሩን በሳፋ ውኃ ታጥብ ጀመር። ሸድሊያ ይህን ሲያዩ የሚሉት ጠፋቸው፤ ከዚያ አገኙት።

"ወይ ጉድ፤ ውሻውን ውዱእ ታስደርጊዋለሽ? እንግዲህ ሶላቱንም አስከትይው፣ ከኢማሙ ኋላ ይቆማል።"

ዩስራ ሳቀች፣ ላዝሃርም ሳቀ፣ ወሲላም ራሷ ፈገግ አለች። ውሻው ዳነ ባይባልም ቁስሉ ደረቀ፤ ቲጃኒም ጠመንጃውን ረሳው። ለእሷ ግን በቂ አልሆነም። በሚቀጥለው ጸደይ ነፋስ በበዛበት አንድ ቀን ከጉድጓዱ ውኃ ስትቀዳ አየር አጠራት። ፓፉን ብትስብ፣ ደግማ ብትስብ፣ ደረቷ አልከፈት አለ። ቀድሞ ያያት መርጃን ነው፤ ጩኸቱን ሰምቶ ላዝሃር ሲደርስ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ሆስፒታል አፍና አፍንጫዋ ላይ ጭንብል አድርገው አተረፏት። ላዝሃር ኮሪደሩ ላይ ቆሞ፣ የሚያርሰው አፈር በጫማው ላይ እንዳለ፣ ወደ ደሴቷ ለወንድሟ ስልክ ደወለ።

"እህትህን አመጣታለሁ" አለው። "አልተጣላንም። አደራ፣ እንዳትጠይቃት።"

ስለዚህ በጸደይ መሄድ ተጀመረ። ዩስራ ትምህርት ስላላት ከአያቷ ጋር ቀረች። ወሲላ ውሻውን በገመድ ይዛ በመርከብ ተሻገረች። ቀርቀና ላይ ወይራ የለም ማለት አይደለም፤ ግን ጥቂት ነው፣ ነፋሱም ከባሕር ይመጣል። በሦስተኛው ቀን እስከ ሆዷ ድረስ ተነፈሰች። መርጃን አሸዋው ላይ እንደ ቡችላ ሮጠ። እሷ ግን ትንፋሿ በተመለሰ ቁጥር ኀፍረት ተከትሎት ይመጣል፤ ልጇን ትታ መጥታ እንዴት ደስ ይላታል? የወንድሟ ሚስት ወጥ እየቀመሰች "እውነት አልተጣላችሁም?" ብላ ጠየቀቻት። አባቷ ምንም አልጠየቋት፤ ያልጠየቁት መልሱን ስለፈሩ ነው። ከወይራው አገር በኩል የሚመጣው ወሬ ደግሞ አንድ ነበር፤ ላዝሃር ሚስቱን ወደ አባቷ መለሳት።

ዩስራ በስልክ "እማ፣ ትመለሻለሽ አይደል?" ትላታለች።

"አበባው ሲረግፍ እመለሳለሁ።"

"አያቴ ግን አንዳንድ ሴት አበባው ረግፎም አይመለስም ትላለች።"

ተመለሰች። በየዓመቱ ሄደች፣ በየዓመቱ ተመለሰች። ሰው ማማቱ ሰለቸው፤ በምትኩ "ጸደይ" የሚል ቅጽል ስም አወጣላት። ሸድሊያ ስትሄድ አይሸኟትም፣ ስትመለስ ደህና ገባሽ አይሏትም። ላዝሃር በአበባው ወራት ብቻውን ይበላል፣ ብቻውን ያርሳል። አንዴ በስልክ "ወይራው ዘንድሮ እንዴት እንዳማረበት ብታዪ" አለና ወዲያው ወሬውን ወደ ዩስራ ትምህርት አዞረ።

ዩስራ ሁለተኛ ደረጃ በገባች ዓመት፣ ወሲላ ደሴቷ ላይ ሳለች፣ አንድ ቀን ሳያሳውቋት መርከቧ ሦስት ሰው ይዛ መጣች። ላዝሃር፣ ዩስራ፣ ከኋላ ደግሞ ነጭ መሸፈኛቸውን በጥርሳቸው ይዘው የሚደናቀፉ ሸድሊያ። አሮጊቷ በሕይወታቸው ባሕር ተሻግረው አያውቁም። የልጅቷ ዓይን ቀልቶ አብጦ ነበር። ወሲላ ምንም ሳይነግሯት አወቀች። የልጇ ደረት ላይ ጆሮዋን አስጠጋች፤ ያንኑ ድምፅ ሰማች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከሁለት ሳምንት" አለ ላዝሃር።

ሸድሊያ ከወደቡ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ።

"ዘይት አፍንጫዋ ውስጥ ጠብ አደረግሁላት" አሉ በመጨረሻ። "ስትታፈን አየሁ። ልጄ ናት፣ አታስመስልም። ያኔ እኔ… አንቺን እንዴት እንዳላየሁሽ እንጃ።"

ወሲላ ስንት ዓመት ይህን ቃል ስትጠብቅ፣ በልጇ ዋጋ እንዲመጣ ግን አልፈለገችም ነበር። "ይነሡ፣ ኡሚ፣ ድንጋዩ ይቀዘቅዛል" ብላ ክንዳቸውን ያዘች።

በዚያ ሳምንት ብዙ መከሩ። ዩስራ ፈተናዋን እዚያው ትፈተን ዘንድ ሊማለዱላት ሞከሩ፤ አልሆነም፣ ፈተናው አመለጣት። ከዚያ ወዲያ በአጎቷ ቤት ሆና በደሴቷ እንድትማር ተስማሙ። ልጅቷ አለቀሰች፤ ጓደኞቿ በወይራው አገር ናቸው፣ አባቷም በዚያው ነው። ላዝሃር ከእናቱ ጋር ሲመለስ መርከቡ ላይ ቆሞ እጁን አላነሳም።

ወሲላ ዩስራን አዲሱን ትምህርት ቤት አስለምዳ፣ መርጃንንም ለእሷ ትታ፣ ለለቀማው በክረምት ብቻዋን ተመለሰች። ከመኪናው ስትወርድ ቤቱ ራቁቱን የቆመ መሰላት። ከጓሮው ጀምሮ ደጃፉን ከብቦ ይቆም የነበረው የወይራ ረድፍ ተቆርጦ ጉቶው ብቻ ቀርቷል። የአያቱ አባት የተከሏቸው ዛፎች ናቸው። ሸድሊያ በር ላይ ሆነው "ሲቆርጥ አልቅሼ ለመንኩት፣ አልሰማኝም" አሏት።

ላዝሃር መጥረቢያ ይስል ነበር፤ ቀና ብሎ አያት።

"ሐኪሙ ነግሮሃል እኮ" አለችው ቀስ ብላ። "ነፋሱ ከሩቅ ነው የሚያመጣው። የቤታችንን ብትቆርጠው የቲጃኒ አለ፣ ከቲጃኒ ወዲያ ሌላው አለ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን?"

ስለቱን በአውራ ጣቱ ሞከረው። "ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም" አላት።

ወሲላ ጉቶዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ የለቀማ ልብሷን ቀይራ፣ መሰላሉን በአንድ ጫፍ ያዘችና በሌላው እንዲይዝ ጠበቀችው። ተሸክመው ወደ ቀሩት ዛፎች ወረዱ። ፍሬው በዚያ ዓመት ብዙ ነበር፤ እስከ ማታ ለቀሙ።