የውሃ ቦቴው ሹፌር

የያዙኝ አዲሱ ገበያ ተራ እየጠበቅሁ ሳለ ነው። የታክሲዬ ሞተር አልጠፋም ነበር፤ አንዱ በመስኮት እጁን ሰደደና ቁልፉን አጥፍቶ «ለትንሽ ጥያቄ ትፈለጋለህ» አለኝ። ትንሽ ጥያቄ! ብርድ ልብስ ተይዞ የሚኬድበት ጥያቄ መሆኑን ያኔ አላውቅም። ጥፋቴ ወረዳው በጠራው ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ መናገሬ ነው። ያልኩት ሰው ሁሉ ታክሲዬ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚለውን ነው፤ እኔ በማይክ አልኩት፣ በቃ።

ክፍሉ ድሮ መጋዘን ነበር። ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፤ ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርደው ጉም በሷ ይገባል። መጀመሪያ ስገባ ሰው አላየሁም፤ ጉም ውስጥ የተቀመጡ ብርድ ልብሶች ነው ያየሁት። ከዚያ አንዱ ብርድ ልብስ አስነጠሰ። የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የምንለው፣ ወደ ጥጉ ጠቆመኝና «እዚያ ሽማግሌው ጎን ተኛ» አለኝ።

ከሽማግሌው ጎን ያለው ቦታ ባዶ የሆነው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሶማሌ ናቸው፣ በአገራቸው ኮሎኔል ነበሩ፣ ሰላይ ናቸው ተብሏል። ሰው ደግሞ ሰላይ አጠገብ መተኛት አይወድም። እኔ አዲስ ገቢ ነኝ፤ ምን ምርጫ አለኝ?

«ና ልጄ፣ እኔ አላንኮራፋም» አሉኝ። ዋሽተዋል።

እናቴ በየቀኑ ምግብ ታመላልስልኝ ነበር። ኮሎኔሉ ጠያቂ የላቸውም፤ ስለዚህ አብረን መብላት ጀመርን። ሥጋ የሌለው ፓስታ የመጣ ቀን ፊታቸው በራ።

«ሙዝ ቢኖር ጥሩ ነበር» አሉ።

«ከበላን በኋላ?»

«አይ፣ ከፓስታው ጋር፤ እንደ አገሬ!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ለእናቴ ስነግራት «በሞትኩት! ሙዝ ከፓስታ ጋር?» ብላ አማተበች። በማግስቱ ግን ሳህኑ ላይ ሙዝ ነበረበት።

እናቴ እንዲህ ናት። አባቴ የወታደር የውሃ ቦቴ ሹፌር ነበር፤ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ወደ ምሥራቅ ሲዘምት እኔ ገና ጡት አልጣልኩም። የሄደ ቀን ቦቴውን በሰፈራችን አሳልፎት ነበር። በሩ ላይ በነጭ ቀለም «የጉለሌ ልጅ» ብሎ ጽፎበታል፤ ቀለሙ ስላልደረቀ የእናቴን ቀሚስ ነካው። «ቦታ አነሰውና ‹ልጅ› የሚለውን እጀታው ሥር ወሸቀው፤ መቼም ጥድፊያ ሲወድ!» እያለች ትስቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሞተ ያለ የለም፣ ተማረከ ያለም የለም። መርዶ ስላልመጣላት ጥቁር አልለበሰችም፤ ሌላ ባልም አላገባችም። እንጦጦ ማርያም ለጸሎት ስሙን ልትሰጥ ትሄዳለች፤ ካህኑ «ከሕያዋን ነው ከሙታን?» ይሏታል፤ ትንሽ ትቆምና ስሙን ሳትሰጥ ትመለሳለች። እስር ቤት ሆኜም ከራሴ ጉዳይ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይኸው ነበር፤ መልሱን ሳታውቅ እንዳትሞትብኝ።

ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ሁሉም ይደነዝዛል። ኮሎኔሉ የሚያወሩት ያኔ ነው። ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ አማርኛቸው ከሱቅና ከታክሲ የተለቀመ። «ግመል እጠብቅ ነበር፤ ከዚያ ታንክ ሰጡኝ» ብለው ጀመሩ። በረዶ ያለበት አገር ሄደው ተማሩ። ተዋጉ። የበላዮቻቸው ሲሞቱና ሲታሰሩ እሳቸው ሳይፈልጉት ኮሎኔል ሆኑ። መንግሥታቸው ሲፈርስ የጎሳቸው ሰዎች ምራን አሏቸው፤ «ጦር መርቻለሁ፣ ጎረቤት ከጎረቤት አላዋጋም» ብለው መለዮአቸውን ግራር ሥር ቀብረው በእግራቸው ወጡ። እኔ በተኛሁበት ግማሹን እሰማለሁ፣ ግማሹን አልማለሁ። ታንኮቹ ያለ ድምፅ፣ ቀስ ብለው፣ በብርድ ልብሶቻችን መሃል ሲያልፉ ይታየኛል። ዛሬም አንዳንዴ ይታየኛል።

አንድ ቀን ካቦው «እዚህስ ምን አመጣዎት?» አላቸው።

«ሰው ፍለጋ» አሉ። «አዲሱ ገበያ ሻይ ቤት ገብቼ ሽማግሌዎችን ጠየቅሁ። ‹ከዚህ ሰፈር የጦር መኪና ሹፌር ሆኖ ሄዶ ያልተመለሰ ማን ነው?› አልኩ። ሻይ ጋበዙኝ። ሻዩን ሳልጨርስ ፖሊስ መጣ።»

ሳቅን። እውነቴን ነው፣ እኔም ብሆን እጠቁም ነበር። ግን ሳቄ መሃል ላይ ቀረ።

«ለምን ፈለጉት?» አልኳቸው።

«መቶ አለቃ ነበርኩ። ከጅጅጋ ወዲያ ነን፤ ውሃ አልቆብናል። አንድ የውሃ ቦቴ መንገድ ስቶ ብቻውን ይመጣል። ተኮስን። ስንደርስ ሞተሩ አልጠፋም። ቦቴው ተበሳስቶ ውሃው ይፈሳል። ወፎች መጡ፤ ያን ሁሉ ወፍ በዚያ አገር አይቼ አላውቅም። ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፍቷል። ወታደሮቼ በኮዳ ጠጡ፣ በቆብ ጠጡ። እኔም ጠጣሁ። ከዚያ ‹እንሂድ› አሉኝ። ‹የሰው ውሃ ጠጥተን ሰውየውን ለጅብ?› አልኳቸው። ቆፈርን። እናንተ እንዴት እንደምትቀብሩ ግን አላውቅም። በእኛ ደንብ በቀኝ ጎኑ አስተኛሁት፤ ፊቱን ወደ መካ አዞርኩት። አጥፍቼ ይሆን እያልኩ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።»

ካቦው የውሃ ኩባያውን ወደሳቸው ገፋ አደረገላቸው።

«በሩ ላይ ጽሑፍ ነበረበት» ሲሉ ቀጠሉ። «ያኔ ፊደላችሁን አላነብም፤ ግን ስንቆፍር ሁሉ ፊት ለፊቴ ነበር። ካረጀሁ በኋላ እዚህ መጥቼ የታፔላ ፊደል ስለቅም አንዱን ቃል አወቅሁት።»

ጣታቸውን ኩባያው ውስጥ ነከሩና ሲሚንቶው ላይ ጻፉ። የጉለሌ። ከዚያ ዝቅ ብለው፣ አጣብበው፦ ልጅ።

«እዚህ ጋ እጀታ ነበር» አሉ።

ጽሑፉ ከዳር ጀምሮ መድረቅ ያዘ። «ልጅ» የምትለዋ መጨረሻ ደረቀች። ኮሎኔሉ ፊቴን አዩ፤ ጣታቸው እዚያው ወለሉ ላይ ቀረ። አልጠየቁኝም። ተነሥተው ወደ ካቦው ሄዱና በጆሮው አንሾካሾኩለት፤ እሱም የአባቴን ነገር ከኔ ሰምቶ ነበርና ብዙ ሲነግራቸው አየሁ።

ንጋት ላይ ሰው ትከሻዬን ነካኝ። ብንን ስል ክፍሉ ሁሉ ተነሥቷል። ብርድ ልብሱን እንደ ጋቢ ተከናንቦ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ጉሙ ገብቷል። አገሬ ነው፤ በዚያ ሰዓት እንዲያ ተሰብስበው ሲቀሰቅሱህ ምን ማለት እንደሆነ ማን አያውቅም?

ኮሎኔሉ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር በእናንተ ደንብ ከሰዓት በኋላ እንደ ወሬ አይነገርም አሉኝ። አላወቅሁም፣ ይቅር በለኝ። አባትህ አርፏል። የቀበርኩት እኔ ነኝ።»

«የተኮሰውስ?»

«ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»

ልጠላቸው ፈልጌ ነበር። ሞክሬያለሁም። ግን ገዳዩም ቀባሪውም መርዶ ነጋሪውም አንድ ሽማግሌ ሲሆን ምን ይደረጋል? «አባቴን!» ብዬ ጮህኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ብዬው የማላውቀው ጩኸት ነው፤ ሲወጣልኝ ደረቴ ቀለለኝ። ክፍሉ አብሮኝ አለቀሰ፤ ግማሹ የራሱን ሬሳ ያለቅስ ነበር መሰለኝ።

ዘቡ በሩን በርግዶ «ምንድነው ጩኸቱ?» አለ።

«ለቅሶ ላይ ነን» አለው ካቦው።

ዘቡ ኮፍያውን አወለቀ። «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ መለሰው።

ያን ዕለት እናቴ ምግብ ይዛ መጣች። ከአጥሩ ማዶ ቆማለች፤ አረንጓዴ ሻሽ አስራለች። «ዓይንህ ምን ሆነ?» አለችኝ። መርዶ በሽቦ አጥር አይነገርም። «እንቅልፍ ነው እማዬ» አልኳት።

የተፈታሁ ሰሞን ጎረቤቶቼን ሰብስቤ በንጋት በሯን አንኳኳን። ከፍታ አየችን፤ አንድ በአንድ አየችን።

«ከሙታን ነው?» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ሁሉንም ነገርኳት፤ ትእዛዙንም አልደበቅሁም። ብዙ ቀን አለፈ። አንድ ማታ ሽንኩርት እየላጠች ድንገት «እንዴት ነው ያስተኙት?» አለች።

«በቀኝ ጎኑ።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «በቀኙ ነበር የሚተኛው» አለች፤ አለቀሰችም ሳቀችም።

በማግስቱ እንጦጦ ወጥታ ስሙን ሰጠች። ስትመለስ ፓስታ ቀቀለች፤ ሙዝ ገዛሁላት፤ በታክሲዬ ወሰድኳት። ኮሎኔሉ እስካሁን አልተፈቱም፤ እሷም እስካሁን አላቋረጠችም። ሰው እንዴት ቻለችው ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ አላውቅም፣ እሷን ጠይቋት እላለሁ። እኔ የማውቀው ያንን የመጀመሪያውን ቀን ነው። ጥቁር ለብሳ ሰልፉ ላይ ቆማለች፤ ሳህኑ በፎጣ ተቋጥሯል። ተራዋ ሲደርስ በር ላይ ያለው ፖሊስ የኮሎኔሉን ስም ሰማና ቀና ብሎ አያት።

«እማማ፣ እኚህ ሰው ሶማሌ ናቸው። ምንዎት ናቸው?»

«ባሌን የቀበረልኝ ነው» አለችው።

ፖሊሱ ከባልደረባው ጋር ተያየ። ደንቡ ነውና፣ ያመጣው ሰው ሳይቀምስ ምግብ አይገባም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሺ… ይቅመሱልኝ» አላት።

እናቴ ፎጣውን ፈታች። ፓስታውን ከሙዙ ጋር አድርጋ ጎረሰች።