የደብሩ ወይራ ቁርጥራጭ

ትናንት በአናጢ ቤት ደጅ ሳልፍ አዲስ የተሰነጠቀ ወይራ ሸተተኝና የድሮው ብሽቀቴ ተነሣብኝ።

ጣልያን ደብረ ታቦር በገባ ጊዜ የደብራችንን ወይራ ቆርጦ በመሰንጠቂያ መኪና ለድልድይ አስተካከለው። ስስ ስሱን ቁርጥራጭ ግን ቅጥሩ ሥር ከምሮት ሄደ። አናጢው አባቴ ያን ሁሉ በአህያ አግዘው ቤታችንን ሞሉት። ክረምት ነበር። እናቴ እርጥብ ኩበት እፍ ስትል ዓይኗ በጭስ ይጠፋል፤ ደረቁ ወይራ ከጎኗ እስከ ጣራ ተቆልሏል።

«ከዚህ አንድ እፍኝ ልማግድ?» ስትል፣ አባቴ «የታቦት ጥላ የነበረ እንጨት ምድጃ አይገባም! ሥራ አገኝለታለሁ» ይላሉ።

የት ይገኛል! በርጩማ ቢያደርጉት ክብደት አልቻለም፤ መዝጊያ ቢያደርጉት ምስማር ሰነጠቀው። በመጨረሻ ለብራና መጽሐፍ ሽፋን የሚሆን ገበታ ይጠርቡ ጀመር። ጥንድ ጥንዱን እየበሱ በጠፍር ያስሩታል።

አንድ ቀን እናቴን መረራት። «መጽሐፉስ የታለ? ጸሐፊዎቹ ሁሉ ከአርበኛ ጋር ዱር ገብተው የለም ወይ? ለማን ነው የሚጠርቡት?»

አባቴ ቀና እንኳ ሳይሉ «እስኪመለሱ ገበታው ይቆያቸው» አሉ።

ጸሐፊ የሚባል ቤታችንን አልረገጠም። አባቴም እናቴም አልፈዋል። ገበታው ግን ጥንድ ጥንዱን እንደታሰረ ዛሬም ከቤቴ ቆጥ ላይ አለ፤ በመካከሉ አንዲት ቅጠል ብራና የለም። ክረምት በገባ ቁጥር አወርደዋለሁ። እሳቱ ፊት ታቅፌው እቀመጥና፣ እየተራገምኩ መልሼ እሰቅለዋለሁ።