ቴሌስኮፕ አዝዬ ወደ ቀራኒዮ

ጎህ ሲቀድ፣ ኮልፌ

የገዛ ቤቴን እንደ ሌባ በእግሬ ጣት እየረገጥኩ ወጣሁ። ልጄ ሰላማዊት ተኝታለች። በጋቢ ጠቅልዬ፣ የሹራብ ቆብ ደፍቼበት፣ በአንቀልባ ያዘልኩት ነገር ለሚያየኝ የልጅ ልጅ ይመስላል። የልጅ ልጅ የለኝም። ያዘልኩት የሰላማዊትን ቴሌስኮፕ ነው።

ጋዜጣ ላይ የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፉ ሰዎች ባሕር ተሻግረው ነው የሚጽፉት። እኔ የተነሳሁት ከኮልፌ ወደ ቀራኒዮ ነው፤ ጉልበት ያለው በእግሩ ይደርስበታል። ፊደልም የቆጠርኩት ልጅ ካሳደግኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ቢሆንም እንደዚያ ቀን ሩቅ ሄጄ አላውቅም።

ሰላማዊት የፊዚክስ አስተማሪ ናት። አብሯት ያስተምር የነበረ አንድ ሩሲያዊ አገሩ ሲገባ ይህን ቱቦ ሰጥቷት ሄደ። ሌላው ሰው በእንዲህ ያለው ማታ ማታ ኮከብ ያያል አሉ። የእኔዋ ሰዓት እላፊ ስላለ በቀትር ፀሐይ ታያለች። በዓይኗ አይደለም። ቱቦውን ወደ ፀሐይ ታዞርና በስተኋላው ነጭ ወረቀት ትይዛለች፤ ፀሐይ ወረቀቱ ላይ ክብ ሆና ትወድቃለች፤ ሰላማዊት የፀሐይዋን ነጠብጣብ በእርሳስ ትስላለች። እኔ ቀርቤ አይቼ አላውቅም። ከአጥራችን በላይ ወደ ሰማይ ያነጣጠረ ቱቦ ምን እንደሚያስወራ እያሰብኩ፣ እሷ በሳለች ቁጥር እኔ በሩ ላይ ቆሜ ኮቴ አዳምጣለሁ።

ማታውን ጎረቤቴ ዘሀራ ሱቋን ዘግታ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ።

«ነገ አሰሳ አለ፤ ቤት ለቤት ነው። ያንን መድፋችሁን አንድ በሉት።»

«መድፍ አይደለም እኮ፣ ዘሀራ።»

«እኔማ አውቃለሁ። የሚፈትሹት ያውቃሉ?»

ይህን ሰምቼ እንቅልፍ ከየት ይምጣ! ከእኛ መንደር በአንዲት ወረቀት ሰበብ ተወስዶ ያልተመለሰ አለ። ይህን ቱቦ ቢያገኙ ልጄን ይወስዱብኛል። ሰላማዊትን ባማክራት ደግሞ «እማዬ፣ ሳይንስ ነው እኮ» ትለኛለች። ሳይንስ ሳይንስ እያለች ነው የምትታሰረው። ስለዚህ ቀራኒዮ ባለችው እህቴ ጎተራ ውስጥ ልደብቀው ቆረጥኩ። መንገድ ላይ ቢጠይቁኝ መልሴን ይዣለሁ፦ «ክርስትና አልተነሳም።» ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ገልጦ የሚያይ ቡዳ መባል የፈለገ ብቻ ነው።

ፀሐይ ስትወጣ፣ ውይይት ታክሲ ላይ

ውይይት ማለት ኋላው ላይ ሁለት አግዳሚ ፊት ለፊት የተገጠመለት ታክሲ ነው። ተሳፋሪው ጉልበት ለጉልበት ተፋጥጦ ስለሚቀመጥ፣ እንደ ቀበሌው የውይይት ክበብ ነው ብሎ ሕዝቡ ስም አወጣለት። ወሬ ላለው ደስ ይላል፤ ምስጢር ላዘለ ሰው ግን አይሆንም። ፊት ለፊቴ ዶሮ ያቀፉ አሮጊት ተቀመጡ። ሳልጠይቃቸው እማማ ውድነሽ እንደሚባሉና ቀራኒዮ ልጃቸውን ሊጠይቁ እንደሚሄዱ ነገሩኝ። የዶሮዋም የእሳቸውም ዓይን ከአንቀልባዬ ላይ አልነሳ አለ።

«ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ።»

«ስንት ሆነው?»

«ሠላሳ» አልኩ። ሠላሳ ምን እንደሆነ ገና አላሰብኩበትም ነበር። «ሠላሳ ቀን።»

«ለሠላሳ ቀን ረዘመ።»

«በአባቱ ወጥቶ ነው።»

«አባቱ የየት አገር ሰው ነው?»

«ሩሲያዊ።»

ከአፌ እንዴት እንደወጣ እግዜር ይወቅ። የታክሲው ወሬ ሁሉ ቀጥ አለ። አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ እንደልቤ እንድቀመጥ ቦታውን ሊለቅልኝ ተነሳና ጣሪያው ራሱን መታው። እማማ ውድነሽ ጠጋ አሉኝ።

«ታዲያ ክርስትና ያነሱታል እንዴ እነሱ?» አሉ በሹክሹክታ።

«እሱ ላይ እየተጨቃጨቅን ነው።»

«እንዳትለቂያቸው! እንትፍ፣ እንትፍ! እደግ የኔ ልጅ» ብለው ቆቡ ላይ መረቁበት።

ረፋድ፣ ጦር ኃይሎች

ጦር ኃይሎች ስንወርድ አቧራና የናፍጣ ጭስ፣ ሸንኮራ የሚከምሩ ሴቶች፣ በካሚዮን ላይ የተጫኑ ወታደሮች። ወታደር ባየሁ ቁጥር እሹሩሩ እያልኩ ጀርባዬን እወዘውዛለሁ። እሹሩሩው ሳይቋረጥ አደባባዩን ጨረስኩት።

ወደ ቀራኒዮ የሚሄድ ጋሪ አገኘሁ። ስወጣ እማማ ውድነሽ ከነዶሯቸው ቀድመውኛል።

«እግዜር አገናኘን!» አሉ።

ባለ ጋሪው ቶሎሳ ፈረሱን ገረፍ አደረገው። ባሕር ዛፍ፣ የታጨደ የጤፍ ማሳ፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ አዲስ የሚቆፈር የቤት መሠረት። መንገዱ ጉድጓድ ብቻ ነው። ጋሪው በዘለለ ቁጥር ቱቦው ከአንቀልባው እየሾለከ ወረደና ጫፉ ከጋቢው ሥር ብቅ አለ። እማማ ውድነሽ እግሩ መሰላቸው።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ ድምፃቸው ተለውጦ፤ «ይሄ ሕፃን ከኮልፌ ጀምሮ አላለቀሰም።»

«ጨዋ ነው።»

«አልተንቀሳቀሰምም።»

«እንቅልፋም ነው።»

እግሩን ሊያለብሱ እጃቸውን ሰደዱ። ወዲያው እንደተነደፈ ሰው መለሱት።

«ቀዝቅዟል! እግሩ በረዶ ሆኗል! ደርቋል! ዋይ ልጄን! ዋይ!»

ዶሮዋን ለቀው ደረታቸውን መቱ። ቶሎሳ ፈረሱን ገትቶ ባርኔጣውን አወለቀ። እንጨት ተሸክመው ይወርዱ የነበሩ ሴቶች ሸክማቸውን ከመንገዱ ዳር ጥለው ተቀላቀሉን።

«የማን ልጅ ነው?»

«የሩሲያዊው!»

«ውይ፣ የሰው አገር ልጅ! ዘመድ የሌለው!» ብለው ለቅሶውን ከፊተኛው አብሰው አነሱት።

የእኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ለማያውቀው ሟች ለማልቀስ ማንም አይቀድመውም። እኔ ምን ላድርግ? ዝም ካልኩ ይጠረጥሩኛል፤ ካለቀስኩ ሬሳውን አውርጂና እንገንዘው ሊሉ ነው። አለቀስኩ። ደግሞ ከልቤ ነበር፤ ሌሊቱን ያጠራቀምኩት ፍርሃት በዓይኔ ወጣ። እንዲህ እየተላቀስን ኬላው ጋ ደረስን።

ኬላው

መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ከጎኑ የአሸዋ ጆንያ ክምር፣ ከክምሩ ፊት ጠብመንጃ ያነገተ ጢማም ጥበቃ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ሕፃን ሞቶ!» አሉ ሁሉም።

ፊቱ ራራ። «ነፍስ ይማር፣ እናቴ። ግን ያውርዱት እስቲ። ትንሽ እስትንፋስ ካለው መኪና አስቁሜ ሐኪም ቤት አደርስልዎታለሁ።»

ክፉ ቢሆን ኖሮ ባለፍን። ጉድ ያፈላብኝ ደግነቱ ነው። «አልተነሳም፣ ክርስትና አልተነሳም!» እያልኩ እየተከላከልኩ እሱ ራሱ አወረደው። ቆቡን አነሳ፤ ጋቢውን ፈታ። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቱቦ።

ለቅሶው በቢላ እንደተቆረጠ ቆመ።

«በስመ አብ!» አሉ እማማ ውድነሽ። «ምንድን ነው የወለደችው?»

ጥበቃው ወደ ኋላ አፈግፍጎ ጠብመንጃውን አወረደ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ቴሌስኮፕ።»

«የማን?»

የልጄ ካልኩ አበቃ። «የእኔ» አልኩ።

«የእርስዎ? ምን ይሠሩበታል?»

«ፀሐይ አይበታለሁ።»

«ፀሐይን ሁላችንም እናያታለን።»

«እኔ በቅርብ ነው የማያት።»

«ለምን?»

ለምን እንደሆነ ሰላማዊት ብዙ ጊዜ ነግራኛለች፤ አንዱም አልመጣልኝ አለ። «በርበሬ ሳሰጣ» አልኩ።

ጢሙን አሻሸ። ከዚያ ቱቦውን አነሳና ዓይኑን ቀዳዳው ላይ ሊደቅን ወደ ሰማይ፣ ወደ ፀሐይዋ አቅጣጫ ቀና አደረገው። ከልጄ ሥራ በደንብ የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

«አንተ! ዓይንህን!» ብዬ ዘልዬ በሁለት እጄ ገፋሁት። ከነጠብመንጃው የአሸዋው ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ቱቦውን ቶሎሳ ቀለበው።



«መንግሥት እኮ ነው የገፉት» አለ ቶሎሳ ቀስ ብሎ።

«ጓድ፣ ይቅር ይበሉኝ። ፀሐይን በዚህ በዓይን ያየ ሰው ይታወራል። ልጄ ሁልጊዜ...» ምላሴን ነከስኩ። «እኔ ሁልጊዜ ለራሴ የምነግረው ነው።»

ተነስቶ አቧራውን አራገፈ። «እንግዲያው የእርስዎ ከሆነ ያሠሩታ። ፀሐይን ያሳዩኝ። ካላሳዩኝ ባለቤቱን ፈልገን እናገኘዋለን።»

ባለቤቲቱ በዚያች ሰዓት ገና ቤት ናት ብዬ ነው የማስበው። ቱቦውን ጆንያው ላይ አስደገፍኩ። ወረቀት የለም፤ ነጠላዬን አውልቄ ለእማማ ውድነሽና ለአንዷ እንጨት ተሸካሚ ግራና ቀኝ አስያዝኳቸው። ሰላማዊት ቱቦውን ስታቃና መሬት ላይ ጥላውን እንደምታይ ትዝ አለኝ፤ ጥላው ሲያጥር ነው ሲረዝም ነው የሚለው ግን ጠፋኝ። ወዲያ ብለው ወዲህ ብለው ነጠላው ባዶ ነው። ድንገት ብርሃኑ ሾልኮ፣ ቀዳዳው አጠገብ የነበረውን የጥበቃውን እጅ ነካው።

«አቃጠለኝ!» ብሎ ዘለለ። እጁን አየ፤ ዓይኑን ነካ ነካ አደረገ፤ እኔን አየኝ። ስለገፋሁት ዳግም አላነሳም።

ቶሎሳ የቱቦውን ጭራ ትንሽ ከፍ ሲያደርገው ነጠላው ላይ አንድ የሚንቀጠቀጥ፣ ዳር ዳሩ የቀለጠ ብርሃን መጣ።

«ይቺ ናት ፀሐይ?» አለ ጥበቃው ቅር ብሎት። «የእንቁላል ጥብስ አይደለች እንዴ?»

ይህን ሲል ሌላ ጋሪ ደረሰና ሰላማዊት ዘላ ወረደች፤ ፀጉሯ አልተበጠረም፣ ሹራቧን ገልብጣ ለብሳለች። ነቅታ ቱቦውን ብታጣ ለዘሀራ ጮኻ፣ ስወጣ በአጥሩ ቀዳዳ ሹክ ያልኳት ዘሀራ ናት ቀራኒዮ ብላ የላከቻት። በዓይኔ ጠቀስኳት፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ በእጄ ሂጂ አልኳት።

«ይቺን ያውቋታል?» አለ ጥበቃው።

«በሕይወቴ አይቻት አላውቅም።»

ሰላማዊት ጠብመንጃውን አየች፤ እኔን አየች፤ ገባት። ከንፈሯን ገጥማ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ቆመች። ተመስገን፣ ልጄ ብልህ ናት፣ ዳነች አልኩ። ከዚያ ዓይኗ ነጠላው ላይ ወደቀ። የቀለጠችውን ፀሐይ አየች። ጣቶቿ መቁነጥነጥ ጀመሩ። ሰላም ተይው፣ በወለድኩሽ ማኅፀን ተይው እያልኩ በልቤ ለመንኳት። ጥቂት ቻለች።

«ደብዝዟል እኮ!» አለችና ጥበቃውን በክንዷ ገፋ አድርጋ አልፋ፣ ከቱቦው ሥር ያለችውን ትንሽ ብሎን አዞረች።

ፀሐይ ነጠላዬ ላይ ቁጭ አለች። ሰሐን የምታህል፣ ዳሯ በመቀስ የተቆረጠ የሚመስል፣ ወደ መሃሏ ሁለት ጥቁር ነጥቦች፣ ከኋላቸው ደግሞ እንደ ኑግ ፍሬ የተበተኑ ደቃቆች። ልጄ በየቀኑ የምታየውን ያን ጊዜ ገና አየሁ። ከነፍርሃቴ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ቡዳ በልቷታል» አሉ እማማ ውድነሽ ነጠላውን እንደያዙ።

«ይሄ ጥቁሩ ምንድን ነው?» አለ ጥበቃው።

«ከሌላው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ነው» አለች ሰላማዊት። «ትንሽ እንዳይመስልህ፤ ይሄኛው ብቻውን መሬትን ሊውጣት ይችላል።»

«ከነኬላው?»

«ከነኬላው።»

ነጥቡን አየ፤ ኬላውን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ «እሺ፤ የማን ነው?» ሲል እኔም እሷም እኩል «የእኔ!» አልን።

«አላውቃትም ብለውኝ ነበር። አፍንጫችሁ ግን አንድ ነው።»

እግሩ ሥር ተንበረከክሁ። «ጓድ ልጄ፣ እኔን ውሰደኝ። እሷ ፀሐይ ከማየት ሌላ አንድም ነገር አታውቅም።»

«ይነሱ እንጂ፣ ወዴት ነው የምወስድዎት?» አለ ግራ ቀኝ እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የፈራ ሰው ድምፅ አውቃለሁ። «ለበላይ ምን ብዬ ልጻፍ? የሞተ ሕፃን ስፈትሽ ፀሐይ ላይ ነጥብ አገኘሁ ልበል? መጀመሪያ የሚያስሩት እኔን ነው!» ቱቦውን በጋቢው ጠቀለለና ከጆንያው ጀርባ አስገባው። «ዕቃው እዚህ ተይዟል። አሰሳው እስኪያልቅ ማንም አይነካውም። ሂዱ።»

እጇን ይዤ ልሮጥ ስል ሰላማዊት አልነቃነቅ አለች።

«የነገው ካልተሳለ ይቋረጥብኛል» አለችው። ቆነጠጥኳት፤ ወይ ፍንክች።

«በቀትር ነይ» አለ። «ተረኛው እኔ ነኝ።»

መመለሻ

እማማ ውድነሽ ዶሯቸው ተይዛላቸው ወደ ልጃቸው ቀጠሉ። እኛ በእግራችን ተመለስን። ሰላማዊት እስከ ጦር ኃይሎች እየቀደመችኝ ሄደች። ከዚያ «ቢያንስ የፊቱን መስታወት በጨርቅ ሸፍነሽው ነበር?» አለችኝ። ይኸው ነው የኔ ልጅ።

ኮልፌ ስንገባ ፈታሾቹ መጥተው ሄደዋል። ዱቄቱ ተዘርግፏል፣ ፍራሹ ተገልብጧል፤ ያገኙት ነገር የለም። ልጄ በገዛ አልጋዋ አደረች። የትንፋሿን ድምፅ እየሰማሁ እኔም ተኛሁ።

በማግስቱ፣ ቀትር

ብቻዋን አልሰዳትም ብዬ ተከትያት ሄድኩ። ጥበቃው ቱቦውን አውጥቶ ጆንያው ላይ አስደግፎ ይጠብቃል። ለሌሊት ተረኛው ጓደኛው ሁሉን ነግሮታል መሰለኝ፣ እሱም ሳይተኛ ቀርቶ ቆሟል። ባለ ጋሪዎች ተሰብስበዋል። ነጠላዬን ዘረጋሁ፤ ሰላማዊት አቃናች፤ ፀሐይ መጣች።

ነጥቦቹ የትናንቱ ቦታ ላይ የሉም። ሁለቱም ከነተከታዮቻቸው ወደ ዳር ፈቀቅ ብለዋል።

«ፀሐይም በራሷ ላይ ትዞራለች» አለች ሰላማዊት እርሳሷን እያወጣች። «በየቀኑ እንዲህ ይሄዳሉ።»

ጥበቃው ጎንበስ ብሎ አየ። ጣቱን አስጠግቶ ለካ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመና ወደ ጓደኛው ዞረ።

«ሌሊት ተረኛው አንተ አልነበርክ?» አለው። «ማን አሳለፋቸው?»